ግራንድማስተር ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ሬቲንግ እስከ ዕለት እንጀራ

በየሰፈሩ አንድ የቼስ ጎበዝ አይጠፋም። የመጣውን ሁሉ ይረታል። ማታ ደግሞ ስልኩ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ፣ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፤ ይሄ ነገር ሥራ ይሆናል እንዴ?

ይሆናል። ግን መንገዱ የችሎታ ብቻ ሳይሆን የወረቀት፣ የገንዘብና የቪዛም ጭምር ነው። የግራንድማስተርነት ማዕረግ በፈተና አይገኝም። የሚሰጠው የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዴ ነው። ዋናው መስፈርቱ ሁለት ነው። አንደኛ ሬቲንጋችሁ፣ ማለትም ከውድድር ውጤታችሁ የሚሰላው የጥንካሬ ቁጥር፣ አንድ ጊዜ 2500 መድረስ አለበት። ሁለተኛ ሦስት ኖርም፣ ማለትም በአንድ ውድድር እንደ ግራንድማስተር መጫወታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ያስፈልጋችኋል። ፊዴ ማዕረጉን በይፋ መስጠት የጀመረው በ1950 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ባለማዕረጎች 27 ነበሩ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ማዕረጉን ያገኙት ሰዎች ወደ 2000 ገደማ ናቸው። ኢትዮጵያ እስካሁን አንድም የላትም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው “ምን ላጥና?” ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ቀድሞ መመለስ ያለበት “ከማን ጋር ልጫወት?” የሚለው ነው ባይ ነኝ። ሬቲንግ የሚወጣው ከተጋጣሚ ነው። ኖርም የሚሰላው በተጋጣሚ ነው። ጥሩ ተጋጣሚ ፊት ለፊቱ የማይቀመጥለት ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እዚያው ይቀራል።

1. የፊዴ ሬቲንግ አውጡ

ኢንተርኔት ላይ ያላችሁ ቁጥር፣ 2000 ይሁን 2300፣ እዚህ አይሠራም። የሚቆጠረው በአካል ተገኝታችሁ፣ ዳኛ ባለበት፣ ፊዴ በመዘገበው ውድድር የተጫወታችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፌዴሬሽን በኩል የፊዴ መለያ ቁጥር አውጡ። አገር ቤት ያላችሁ ይህን የምታደርጉት በኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ውጭ የምትኖሩ ደግሞ በየትኛው አገር ስም እንደምትመዘገቡ ቀድማችሁ ወስኑ። በኋላ ፌዴሬሽን መቀየር ይቻላል፤ ግን ክፍያም የጥበቃ ጊዜም ሊኖረው ይችላል።

ቀጥሎ ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ያስፈልጋል። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው ሬቲንግ 1400 ነው። ከዚያ በታች የሚያመጣ ሰው ዝርዝሩ ላይ አይወጣም።

ሒሳቡን አሁኑኑ ተማሩት፣ ዕድሜ ልክ አብሯችሁ ይኖራል። ከእናንተ በ200 ነጥብ ከሚያንስ ሰው ጋር ስትገጥሙ የሚጠበቅባችሁ ከ1 ነጥብ 0.76 ነው። አቻ ብትወጡ 0.5 ይዛችሁ ትነሳላችሁ፤ 0.26 ጎደለባችሁ። ይህ ጉድለት በማባዣ ይባዛል። ማባዣው ለአዲስ ተጫዋች እስከ 30 ጨዋታ ድረስ 40 ነው። 18ኛ ዓመታቸውን እስከሚይዙበት ዓመት መጨረሻ ድረስ ከ2300 በታች ላሉ ልጆችም 40 ነው። ለሌላው 20 ነው። አንድ ጊዜ 2400 ከደረሳችሁ በኋላ ግን 10 ይሆናል፣ ከዚያም አይመለስም። ስለዚህ ያ አቻ ሕፃኑን 10 ነጥብ ያስጥለዋል፣ ትልቁን ሰው ደግሞ 5።

ወላጅ ከሆናችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጅ ሳለ ሬቲንግ ቶሎ ይወጣል። 18 ካለፈ በኋላ ያው ድል ግማሹን ብቻ ያመጣል። ልጁን “ትንሽ ይብሰል” ብሎ ሦስት ዓመት ከውድድር ማራቅ ያስከፍላል።

2. ልምምዱን በደረጃችሁ ልክ አድርጉት

እስከ 2000 ድረስ ያለው ተጫዋች የሚሸነፈው በኦፕኒንግ፣ ማለትም በጨዋታው አጀማመር፣ አይደለም። ጠጠሩን በነፃ ስለሚሰጥ፣ ወይም ያሸነፈውን ኤንድጌም (ጥቂት ጠጠር የቀረበትን የጨዋታ ማብቂያ) ማጠናቀቅ ስለሚያቅተው ነው። ስለዚህ በየቀኑ የታክቲክስ ልምምድ፣ ማለትም በጥቂት እንቅስቃሴ ጠጠር የሚያስገኙ ወይም ማት የሚያደርጉ እንቆቅልሾች፣ ሥሩ። ስትሠሩ አትገምቱ። እስከ መጨረሻው አስባችሁ፣ የተጋጣሚን ምርጥ መልስ ሁሉ አይታችሁ፣ ከዚያ ብቻ መልሱን ክፈቱ። ከኤንድጌም ደግሞ የንጉሥና የወታደር፣ የሩክና የወታደር ጨዋታዎችን ቅደሙ። የሉሴናና የፊሊዶር የሚባሉ ሁለት የሩክ ኤንድጌም አቀማመጦች አሉ፤ የሉሴናን የማያውቅ ሰው ከአራት ሰዓት ድካም በኋላ ያሸነፈውን አቻ ያደርገዋል፣ የፊሊዶርን የማያውቅ ደግሞ አቻ የሚሆነውን ይሸነፋል።

ከሁሉም በላይ የራሳችሁን ጨዋታ መርምሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ያሰባችሁትን በወረቀት ጻፉ፤ የት ፈራችሁ፣ የት ሰዓት አለቀባችሁ፣ የትኛውን እንቅስቃሴ ጭራሽ አላያችሁትም። በማግስቱ ያለ ኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ደግማችሁ እዩት። ስቶክፊሽን፣ ጨዋታ የሚመረምረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የምትከፍቱት በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ከከፈታችሁት “አሃ፣ ይሄ ነበር” ብላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ምንም አትማሩበትም። ስቶክፊሽ ነፃ ነው። ሊቼስ የሚባለው የቼስ ድረ ገጽም ነፃ ነው። በዚህ ደረጃ “ገንዘብ የለኝም” የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም።

የሦስት ደቂቃው ብሊትዝ ይጣፍጣል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የምትሄዱበት ውድድር ላይ አንድ ጨዋታ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። የተለመደው ሰዓት ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ፣ በየእንቅስቃሴው ደግሞ 30 ሰከንድ ጭማሪ ነው። ብሊትዝ ብቻ የለመደ ሰው 60 ደቂቃ ሳይጠቀም ይሸነፋል። ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ረጅም ጨዋታ ተጫወቱ፣ ከጓደኛ ጋርም ቢሆን።

ከ2000 እስከ 2300 ባለው ክልል ኦፕኒንግ ቁም ነገር ይሆናል። በነጭ አንድ፣ በጥቁር ለእያንዳንዱ ዋና አጀማመር አንድ አንድ በቂ ነው። ለሁሉም የራሳችሁን ፋይል ክፈቱ። ብዙ ባለሙያዎች ቼስቤዝ የሚባለውን የጨዋታ መዝገብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ፣ ሊቼስ ላይም መሥራት ይቻላል። አሠልጣኝ መቅጠር ከቻላችሁ ሌክቸር እንዲሰጣችሁ ሳይሆን ጨዋታችሁን እንዲተች ቅጠሩት። በሁለት ሳምንት አንዴ ቢሆንም ይበቃል።

ስለ ዕድሜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። አሜሪካዊው አቢማንዩ ሚሽራ በ2021 ቡዳፔስት ላይ ማዕረጉን ሲያሟላ 12 ዓመት ከ4 ወሩ ነበር። ይህን እያዩ ተስፋ መቁረጥ ቀላል ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ኬኒ ሰለሞን ግን ግራንድማስተር ሲሆን በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር።

3. ከለመዳችሁት ክበብ ውጡ

ሃያ ሰዎች እርስ በርስ ብቻ ሲጫወቱ የሬቲንግ ነጥባቸው እንደ እቁብ ነው። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ይደርሳል እንጂ ከውጭ የሚጨመር የለም። የአገራችን ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ከሬቲንጋቸው በላይ የሚጫወቱት ለዚህ ይመስለኛል። ነጥብ ለማምጣት ነጥብ ያለበት ቦታ መሄድ ግድ ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀላሉ ናይሮቢ ነው፣ ቪዛ አይጠየቅም። ኬንያ ኦፕን ከብዙ አገር ተጫዋች ይመጣበታል። ከዚያ ግብፅ፣ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ አሉ። ግብፅ በተለይ ትጠቅማለች፣ አፍሪካ ውስጥ ግራንድማስተር በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። የባህረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ዱባይ ኦፕንና ሻርጃ ማስተርስ ደጃችሁ ላይ ናቸው። አውሮፓ ያላችሁ ሬይኪያቪክ ኦፕንን፣ ጀርመን ውስጥ ግሬንኬን፣ አሜሪካ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ ፊላደልፊያ የሚካሄደውን ወርልድ ኦፕን በዓመት እቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ።

ከአገር ቤት ወደ አውሮፓ የምትሄዱ ከሆነ ከጨዋታው በፊት ቪዛው ይጫወትባችኋል። የአዘጋጁን የግብዣ ደብዳቤ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ስማችሁ፣ የፊዴ ቁጥራችሁ፣ የውድድሩ ቀንና ማረፊያችሁ ይጻፍ። ለአንድ ውድድር ብቻ አትውጡ። የቲኬቱ ዋጋ ያው ስለሆነ ተከታታይ የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ውድድሮች ፈልጉ። በመካከላቸው ግን ሁለት የዕረፍት ቀን ተዉ።

ሥነ ሥርዓቱንም ለምዳችሁ ሂዱ። የነካችሁትን ጠጠር ታንቀሳቅሳላችሁ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ትጽፋላችሁ። ስልክ ይዞ አዳራሽ መግባት ጨዋታ ያስጥላል፣ ቢዘጋም ቢጠፋም። (በእኛው ሰንጠረጅ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠር ያንቀሳቅሱ ነበር፣ አንዱ እስኪበላ ድረስ። ወረራ ይሉታል። ዘመናዊው ዳኛ ይህን ቢያይ ራሱን የሚስት ይመስለኛል።)

4. በመንገድ ላይ ያሉት ማዕረጎች

ካንዲዴት ማስተር 2200፣ ፊዴ ማስተር 2300 ሬቲንግ ይጠይቃሉ። ለሁለቱም ኖርም አያስፈልግም። ኢንተርናሽናል ማስተር ግን 2400 እና ሦስት ኖርም ይላል። ለሱ ኖርም በውድድሩ የሚጠበቀው የአፈጻጸም ሬቲንግ፣ ማለትም ከዚያ ውድድር ውጤት ብቻ የሚሰላው፣ 2450 ነው። ፊዴ ማስተር ስትሆኑ አንዳንድ አዘጋጆች የመመዝገቢያ ክፍያ ይቀንሱላችኋል። ከዚያ ውጪ ብዙ አትጠብቁ።

5. ኖርም፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል

ኖርም ማለት በአንድ ውድድር ውስጥ እንደ ግራንድማስተር መጫወታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ቢያንስ 9 ዙር ያስፈልጋል፣ አፈጻጸማችሁም 2600 መሆን አለበት። ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ከተጋጣሚዎቻችሁ ቢያንስ ሦስቱ ግራንድማስተር ይሁኑ። ግማሾቹ ማዕረግ ይኑራቸው። የተጋጣሚዎቹ አማካይ ሬቲንግ ከ2380 አይነስ። ከእናንተ ሌላ ቢያንስ ከሁለት ፌዴሬሽኖች የመጡ ይኑሩበት።

በ9 ዙር ስንት ነጥብ ያስፈልጋል? አማካያቸው ከ2380 እስከ 2433 ከሆነ 7 ነጥብ። ከ2434 እስከ 2474 ከሆነ 6 ተኩል። ከ2475 እስከ 2519 ከሆነ 6። ልብ በሉ፤ ተጋጣሚ ሲጠነክር የሚፈለገው ነጥብ ይቀንሳል። 7 ከ9 ማምጣት ማለት ሁለት ነጥብ ብቻ መጣል ነው፣ ያውም በሞቀ ውድድር ላይ። ስለዚህ ደካማ ውድድር መርጦ “እዚያ በቀላሉ አሸንፋለሁ” ማለት የተሳሳተ ስሌት ነው።

ኖርም የሚገኝባቸው ሁለት ዓይነት ውድድሮች አሉ። አንዱ ክፍት የስዊስ ውድድር ነው፤ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ይገናኛሉ። በዚህኛው ተጋጣሚያችሁን አትመርጡም። በመጀመሪያ ዙሮች ነጥብ ከጣላችሁ ደካማ ሰዎች ይደርሷችሁና አማካዩ ይወርዳል። አንድ በጣም ዝቅተኛ ሬቲንግ ያለው ተጋጣሚ ካለ ለስሌቱ ወደ 2200 ከፍ ይደረግላችኋል፣ ግን አንዱ ብቻ። ሁለተኛው ዓይነት አሥር ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚጫወቱበት ዝግ ውድድር ነው። ቡዳፔስት ለዓመታት በእንዲህ ያለ ውድድር ትታወቃለች። ጥቅሙ ገና ከመጀመሪያው ዙር በፊት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልጋችሁ ማወቃችሁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ክፍያው ነው፣ የተጋበዙትን ግራንድማስተሮች ወጪ የሚሸፍነው በአብዛኛው ኖርም ፈላጊው ነው። ቪዛና ቲኬት ለሚከብደው የአፍሪካ ተጫዋች እኔ ክፍቱን አስቀድማለሁ። ኖርም ባይገኝ እንኳ ሬቲንግና ልምድ ይዞ ይመለሳል። ኖርምን “እናመቻችልሃለን” የሚል ሰው ከመጣ ግን ሽሹ። ጨዋታ አስቀድሞ መስማማት ከቼስ ያሳግዳል።

ሰባተኛው ዙር ሲያልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እስካሁን ስንት ግራንድማስተር ገጠማችሁ? አማካዩ ስንት ሆነ? በቀሩት ሁለት ዙሮች ስንት ያስፈልጋል? ነጥቡን አምጥቶ በአንድ ግራንድማስተር ማነስ ኖርም ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ጥርጣሬ ካላችሁ ዋናውን ዳኛ ጠይቁ፣ ሥራው ነው። ኖርሙ ከተገኘ በኋላም ሆቴላችሁን ሳትለቁ አይቲ-1 የሚባለው ፎርም በትክክል ተሞልቶ መፈረሙን አረጋግጡ። በኋላ ዳኛን በኢሜይል ማሳደድ አድካሚ ነው። ኖርም ጊዜ አያልፍበትም፣ ስለዚህ ሦስቱ በዓመታት ርቀት ቢመጡም ችግር የለም።

ከሦስቱ ኖርም በኋላ የሚቀረው 2500 ብዙዎችን ያስጠብቃል። ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ የመጨረሻውን ኖርም በ2007 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቢያገኝም ማዕረጉ የጸደቀለት በ2009 ነው። ከሰሃራ በታች የመጀመሪያው ግራንድማስተር እሱ ነው። ለምን ይዘገያል? ከ2400 በኋላ ማባዣው 10 ስለሚሆን ነው። ከ2400 ወደ 2500 ለመውጣት ከሚጠበቅባችሁ በላይ 10 ሙሉ ነጥብ መሰብሰብ አለባችሁ። ደግነቱ 2500 ላይ መቆየት አይጠበቅባችሁም። በውድድር መሀል እንኳ ለአንድ ቀን ብትነኩት ይቆጠራል። ማመልከቻውን የሚልከው ፌዴሬሽናችሁ ነው። ክፍያው ለብዙ ዓመታት 330 ዩሮ ነበር። አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ ሬቲንጋችሁ ቢወርድም ማዕረጉ አይነሳም።

6. አቋራጩ

ሕጋዊ አቋራጭ አለ። አንዳንድ ሻምፒዮናዎችን ያሸነፈ ሰው ያለ ኖርም ማዕረግ ያገኛል፣ ፊዴ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ሬቲንግ ካለው። ኬኒ ሰለሞን ማዕረጉን ያገኘው በ2014 ዊንድሁክ ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮን በመሆኑ ነው። ሕንዳዊቷ ዲቪያ ዴሽሙክም በ2025 የሴቶች የዓለም ዋንጫን ስታሸንፍ አንድም ኖርም ሳይኖራት ግራንድማስተር ሆነች። ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ቅርቡ በር የአፍሪካ የዞን ሻምፒዮና ነው። የዞን አሸናፊ ለኢንተርናሽናል ማስተርነት ዕድል አለው። ለዚህ ግን በብሔራዊ ደረጃ መመረጥን ይጠይቃል፣ ስለዚህ የአገር ውስጥ ሻምፒዮናን አትናቁ።

7. እንጀራው ከየት ይመጣል?

ግራንድማስተርነት ደመወዝ የለውም። ይህን ገና ከጅምሩ ማወቅ ይሻላል። ከላይ ያለው ገንዘብ ያማልላል፤ በ2024 ሲንጋፖር ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት በተደረገው ግጥሚያ ሕንዳዊው ጉኬሽ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን 7 ተኩል ለ6 ተኩል ሲያሸንፍ የሽልማቱ ድምር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ትንሽ ወረድ ስንል፣ በ2023 የባኩ የዓለም ዋንጫ አሸናፊው 110,000 ዶላር ወሰደ። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈው ደግሞ ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ። ያ ተሸናፊ እዚያ ለመድረስ በአህጉሩ ወይም በአገሩ ብዙ ሰው አሸንፏል። ተራ ክፍት ውድድር ላይ ያለው ሽልማት ከዚህም ያንሳል፣ አሸናፊዎቹም ይካፈሉታል።

ስለዚህ አብዛኛው ግራንድማስተር የሚኖረው በተቀላቀለ ገቢ ነው። በክፍት ውድድሮች አዘጋጁ የመመዝገቢያ ክፍያ ይተውለታል፣ ሆቴልም ይሰጠዋል። ስሙ ከገነነ ደግሞ ለመገኘቱ ብቻ ይከፈለዋል። ይህን ለማግኘት አትሽኮርመሙ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ለአዘጋጁ ጻፉና “ምን ትሰጣላችሁ?” በሉ። ሌላው የክለብ ሊግ ነው። የጀርመኑ ቡንደስሊጋ ስምንት ስምንት ሰው ያሰልፋል፣ ጨዋታውም ቅዳሜና እሁድ ነው። ክለቡ በጨዋታ ይከፍላል፣ ጉዞና ማረፊያም ይሸፍናል። አንድ ሰው በተለያዩ አገሮች ሊግ ሊጫወት ይችላል፤ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ነው ኑሮው። የበርካቶች ዋና እንጀራ ግን ማሠልጠን ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ከአዲስ አበባም ይሠራል፣ ተማሪው ቶሮንቶም ይሁን ዱባይ። ጥቂቶች ደግሞ የሌላ ኮከብ ረዳት ሆነው ኦፕኒንግ ያዘጋጃሉ። ዴንማርካዊው ፒተር ሃይነ ኒልሰን ከዓለም ሻምፒዮኖቹ፣ መጀመሪያ ከአናንድ፣ ቀጥሎ ከካርልሰን ጋር የሠራው እንዲህ ነው።

ትምህርትን ከቼስ ጋር ማጣላት አያስፈልግም። ግብፃዊው ባሴም አሚን 2700ን ያለፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው፤ የሕክምና ዶክተርም ነው። ሲሙቶዌ በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፣ ኋላም ኦክስፎርድ ገብቷል። የዳላሱ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ሴንት ሉዊስና ሌሎች ጥቂት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለጠንካራ ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ቡድናቸው ውስጥ ግራንድማስተሮች ስላሉ በየሳምንቱ የሚፈለገው ተጋጣሚ እዚያው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ልጃችሁ 2300 አካባቢ ከደረሰና አሥረኛ ክፍል ከገባ፣ የእነዚህን ቡድኖች አሠልጣኞች በኢሜይል ማግኘት የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ የፊዴ መለያ ቁጥር፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ካለ እሱም፣ ከጠንካራ ተጋጣሚዎች ጋር የተጫወታቸው አምስት ጨዋታዎች። ከአምስቱ አንዱ የተሸነፈበት ቢሆን ክፋት የለውም፣ በደንብ ከተዋጋበት።